ቃሬዛው የማን ነው?

ከሀብሩ ተራራማ ቀበሌዎች በአንዱ ምጥ የጠናባት እናት ስትኖር ከአምቡላንስ ጩኸት በፊት የሰው ጥሪ ይሰማል። ጉብታ ላይ የቆመ ጎረቤት ወደ ማዶ ይጣራል፤ ማዶ ያለው ሰምቶ ለቀጣዩ መንደር ያቀብላል። የሚያርሰው በሬውን ይፈታል፤ ከብት የሚጠብቀው ለልጅ አደራ ብሎ ይነሣል። ቃሬዛው ከተቀመጠበት ይወጣል፤ ሁለት ረጃጅም እንጨት፣ በመካከላቸው የተወጠረ ጠፍር። ጋቢ ይነጠፍበታል፣ እናቲቱ ትተኛበታለች፣ ሌላ ጋቢ ይደረብላታል። አራት ጎልማሶች ትከሻቸውን ይሰጣሉ። የቀሩት ከኋላና ከጎን ይከተላሉ። እነሱም ትርፍ ሰዎች አይደሉም፤ ዳገቱ የፊተኞቹን ሲያደክም ቃሬዛው መሬት ሳይነካ ትከሻ ለትከሻ ይቀባበላሉ። አንዱ “ማርያም ትድረስልሽ” ይላል፣ ሌላው “አላህ ይገላግልሽ” ይላል፣ ሁሉም “አብሽሪ፣ ደረስን” ይላሉ። መኪና የሚገባበት ጥርጊያ እስኪገኝ፣ አንዳንዴም እስከ ጤና ጣቢያው ደጃፍ ድረስ፣ መንገዱ በዚሁ ያልቃል።

እነዚህ ሰዎች “በጎ ፈቃደኞች ነን” ሲሉ አይሰሙም። ለምን እንደመጡ ቢጠየቁ መልሳቸው ሁለት ቃል ነው፤ የቅሬ ነው።

ሌላው አገር እድር የሚለውን ወሎ ቅሬ ይለዋል። የከተማ እድር በአመዛኙ የወር መዋጮ፣ ድንኳንና ወንበር፣ ለሟች ቤተሰብ የሚሰጥ ገንዘብ ነው። የገጠሩ ቅሬ ከብር ይልቅ ጉልበትና መገኘትን ይጠይቃል። መቃብር መቆፈር፣ እንጨት መፍለጥ፣ ውሃ መቅዳት፣ ለቅሶ ቤት ማደር፣ ሕመምተኛ መሸከም፣ ሁሉም የቅሬ ሥራ ነው። ያልተገኘ ይቀጣል። ደጋግሞ የቀረ ከቅሬ ይወጣል፤ ከቅሬ የወጣ ሰው ደግሞ ሲሞት የሚቀብረው፣ ሲታመም የሚሸከመው እንደሌለ ያውቃልና ሽማግሌ ልኮ፣ እግር ስሞ ይመለሳል። በሀብሩና በወልዲያ ዙሪያ ቅሬው በአብዛኛው የሃይማኖት ድንበር የለውም። የክርስቲያኑን መቃብር ሙስሊሙ ይቆፍራል፣ የሙስሊሙን ቀብር ክርስቲያኑ ያጅባል። ሠርግ ሲደገስም ለሁለቱም ወገን በየሥርዓቱ ይታረዳል። ቃሬዛው ላይ የተኛው ሰው ማተብ ይሰር ወይም ክታብ፣ ክብደቱ ያው ነው።

ይህን ጽሑፍ የጀመርኩት ዓለም አቀፎቹ የበጎ አገልግሎት ክበቦችና ማኅበራት፣ ሮታሪ፣ ላየንስ፣ ቀይ መስቀል፣ ወደዚህ አካባቢ ምን ይዘው እንደመጡ ለመጻፍ ነበር። ቃሬዛው ግን ሌላ ጥያቄ አስነሣብኝ። የመጡት ባዶ ወደሆነ ቦታ አልነበረም። እዚህ ያገኙት መዝገብና ቅጣት ያለው፣ በየመንደሩ የቆመ የአገልግሎት ማኅበር ነው። ታዲያ ያመጡት ምንድን ነው? ያላዩትስ?

ከአዲስ አበባ ወደ ሰሜን የተነሣ መንገደኛ ደሴን፣ ሐይቅን፣ ውጫሌንና ውርጌሳን አልፎ መርሳ ሲደርስ በመኪናው መስኮት ማንጎና ፓፓዬ ይቀርብለታል። መርሳ የሀብሩ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ከእሷ በሲሪንቃ፣ በእርሻ ምርምር ማዕከሉ በኩል አልፎ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲነዳ ወልዲያ ይገባል። የሰሜን ወሎ ዞን መቀመጫ የሆነችው ወልዲያ በኮረብታ የተከበበች የመንገድ መገናኛ ናት። ከደሴ የመጣው፣ ከአላማጣና ከቆቦ የመጣው፣ ከጋሸና በቻይና መንገድ የወረደው፣ ከአፋር ቆላ የወጣው እዚህ ይገጣጠማል። መንገድ የሚገናኝበት ከተማ መከራም ይገናኝበታል። ረሃብ ሲሆን የተራበው፣ ጦርነት ሲሆን የተፈናቀለው እግሩ የሚያደርሰው ወደዚህ ነው። ስለዚህ የወልዲያና የመርሳ ሰው እርዳታን ከሁለት በኩል ያውቀዋል፤ ሰጥቶም ተቀብሎም ያውቃል።

እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 23 ቀን 1905 ፖል ሃሪስ የተባለ ጠበቃ ቺካጎ ውስጥ ከሦስት ወዳጆቹ ጋር ተሰበሰበ። ሃሪስ ያደገው በትንሽ የገጠር ከተማ ነው። በትልቁ ከተማ ደንበኛ እንጂ ጎረቤት አጣ፤ የናፈቀው ሰው የሚተዋወቅበት ኑሮ ነበር። ስብሰባው በየአባሉ መሥሪያ ቤት በተራ ይዞር ስለነበር ማኅበሩን ሮታሪ አሉት፤ ዟሪ እንደማለት ነው። ይህን ታሪክ የጽዋ ማኅበር ያለው ወሎዬ ቢሰማው አይደነቅም። ጽዋውም በየወሩ ከቤት ወደ ቤት ይዞራል፣ ተረኛ አለው፣ የቀረ ይጠየቃል። የቺካጎው ጠበቃ ከተማ የነጠቀውን ጎረቤት በስብሰባ መልሶ ሊያገኝ ሞከረ። የሀብሩ ገበሬ ያን ጎረቤት ጨርሶ አላጣውም።

ሮታሪ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ አዲስ አበባ ገባ። አባላቱ ለረጅም ጊዜ ነጋዴዎች፣ ሐኪሞች፣ ጠበቆች፣ የውጭ ሰዎች ነበሩ፤ የቅሬ ዓይነት ማኅበር አልነበረም። ግን ቅሬ የማይችለውን አንድ ነገር ያውቅ ነበር። ቅሬ የሚሸከመው በመዝገቡ ያለውን ሰው ነው። ሮታሪ ስሙን ለማያውቀው ሕፃን ገንዘብ መሰብሰብን ተማረ። እ.ኤ.አ. በ1985 ፖሊዮን ከምድር ለማጥፋት ሲነሣ በሽታው በየዓመቱ በመቶ ሺህ የሚቆጠሩ ሕፃናትን ሽባ ያደርግ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1988 የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ የተካተቱበት ዘመቻ ሲጀመር ሮታሪ መሥራች አጋር ሆነ።

ይህ ዘመቻ ወደ መርሳና ወልዲያ የመጣው በቀዝቃዛ ሳጥን ነው። ክትባቱ ሙቀት አይችልም፤ ከፋብሪካ እስከ ሕፃኑ አፍ ድረስ እንደቀዘቀዘ መድረስ አለበት። ቆላው ላይ በረዶ የያዘውን ሳጥን በትከሻ አንግቶ፣ ጅረት ተሻግሮ፣ ቤት ለቤት የሚሄድ ሰው ያስፈልጋል። ሁለት ጠብታ አፍ ውስጥ፣ ከዚያ ልጁ መከተቡ እንዲታወቅ ጣቱ ላይ ቀለም፣ በሩ ላይ ምልክት። በዚህ ዘመቻ ከሲያትል የመጣ ትውልደ ኢትዮጵያዊም አለ። በመድን ሥራ የሚተዳደሩት ሮታሪያኑ እዝራ ተሾመ በየዓመቱ አሜሪካውያን ሮታሪያንን እየመሩ ወደ ኢትዮጵያ እየመጡ ከጤና ባለሙያዎች ጋር ቤት ለቤት ሕፃናትን ያስከትቡ ነበር። ታይም መጽሔት እ.ኤ.አ. በ2005 ከዓለም የጤና ጀግኖች መካከል ቆጥሯቸዋል። በአገራችን የመጨረሻው የዱር ፖሊዮ ሕመምተኛ የተመዘገበው እ.ኤ.አ. በ2014 መጀመሪያ በሶማሌ ክልል ነው። እ.ኤ.አ. ኦገስት 25 ቀን 2020 የዓለም ጤና ድርጅት የአፍሪካ ቀጣና ከዱር ፖሊዮ ነፃ መሆኑ ታወጀ። በሺህ የሚቆጠሩ ኪሎ ሜትሮች ርቆ የተቀመጠ ሰው ላዋጣው ገንዘብ ከዚህ የበለጠ መልስ አይገኝም።

የላየንስ ታሪክ ደግሞ ከዓይን ጋር የተያያዘ ነው። ሜልቪን ጆንስ የተባለ የቺካጎ ሰው እ.ኤ.አ. በ1917 ክለቦቹን አሰባሰበ። እ.ኤ.አ. በ1925 ማየትም መስማትም የማትችለው ሔለን ኬለር በጉባኤያቸው ቆማ ለዓይነ ስውራን እንዲቆሙላቸው ለመነቻቸው። ከዚያ ወዲህ ዓይን የላየንስ ዋና ሥራ ሆኖ ቀረ። በኢትዮጵያ ላየንስ ሲነሣ የሎሬት ዶክተር ጠበበ የማነብርሃን ስም አብሮ ይነሣል፤ ለብዙ ዓመታት የዓይን ሕክምና ወደ አገሪቱ እንዲገባ ደክመዋል።

ለአማራ ክልል ይህ ጉዳይ የዕለት ኑሮ ነበር። የወሎ ባላገር ሴት አንገት ላይ ከመስቀሉ ወይም ከክታቡ ጎን ወረንጦ ተንጠልጥሎ ያየ ሰው ለምን እንደሆነ ላያውቅ ይችላል። ትራኮማ በልጅነት ደጋግሞ የያዘው ዓይን ቆቡ ከውስጥ ይጠባሰሳል፤ ጠባሳው ሲኮማተር ሽፋሽፍቱን ወደ ውስጥ ይቀለብሰዋል። የተቀለበሰው ፀጉር ዓይን በተርገበገበ ቁጥር ብሌኑን ይፍቃል። ሴትዮዋ ፀጉሩን በወረንጦ ትነቅላለች፣ ለጥቂት ቀን እፎይ ትላለች፣ ተመልሶ ይበቅላል። እንዲህ እያለ ዓይኗ ይጠፋል። በሽታው ከሕፃናት ፊት በእጅ፣ በጨርቅና በዝንብ ስለሚተላለፍ ልጅ የምታሳድገው ሴት ከወንዱ አብልጣ ትጎዳለች። በ1998 ዓ.ም. በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት በአማራ ክልል ከ1 እስከ 9 ዓመት ካሉ ሕፃናት ከ100ው 62 ያህሉ ንቁ ትራኮማ ተገኝቶባቸዋል። ከመቶ ስድሳ ሁለት ማለት እኮ ከሦስት ልጅ ወደ ሁለት የሚጠጋ ማለት ነው።

የላየንስ ክለቦች ፋውንዴሽንና የጂሚ ካርተር ማዕከል ከክልሉ ጤና ቢሮ ጋር በዚህ ላይ ሠሩ። መድኃኒቱን፣ ዚትሮማክስን፣ ፋይዘር የተባለው ኩባንያ በነፃ ሰጠ። ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ ወባንና ትራኮማን አንድ ላይ ያያዘ “ማልትራ” የሚባል የሳምንት ዘመቻ በክልሉ ተካሄደ። አሠራሩ ቀላል ነበር፤ ትልቅነቱም በዚያ ነው። ገጠር ላይ ሰው ሁሉ በሚዛን አይመዘንም፤ ስለዚህ መጠኑ የሚታወቀው በቁመት ነው። ምልክት የተደረገበት ዱላ ይተከላል፣ ልጁ አጠገቡ ይቆማል፣ ራሱ የደረሰበት ምልክት ስንት እንክብል እንደሚወስድ ይናገራል። ስድስት ወር ላልሞላው ሕፃን የዓይን ቅባት ይሰጣል። ዱላውን የሚያቆሙት፣ ስም የሚመዘግቡት፣ “ነገ እንዳትቀሩ” እያሉ በየበሩ የሚዞሩት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችና የመንደሩ በጎ ፈቃደኞች ነበሩ። የተቀለበሰ ፀጉር ያላቸው ደግሞ ወደ ቀዶ ሕክምና ተላኩ። ቀዶ ሕክምናው አጭር ነው፤ የዓይን ቆቡ ተቀዶ ፀጉሩ ወደ ውጭ እንዲመለስ ይሰፋል። ወረንጦው ከአንገት የሚወርደው ያን ጊዜ ነው።

እዚህ ላይ አንድ የማምንበትን ነገር ልናገር። መድኃኒቱ ከባሕር ማዶ ባይመጣ ወረንጦው ከአንገት አይወርድም ነበር። መንደሩ ባይዞር ደግሞ መድኃኒቱ መጋዘን ውስጥ ይቀር ነበር። ስለ እርዳታ የሚጻፍ ሪፖርት ላይ የመጀመሪያው በደማቅ ይጻፋል፣ ሁለተኛው “በማኅበረሰቡ ተሳትፎ” በሚል ሐረግ ይታለፋል። ያ ሐረግ በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች ጫማ ያለቀበት መንገድ ነው።

ቀይ መስቀልም የተወለደው ከሸክም ነው። እ.ኤ.አ. በጁን 1859 በሰሜን ኢጣሊያ ሶልፌሪኖ ላይ ጦርነት ሲደረግ ሄንሪ ዱናን የተባለ የስዊስ ነጋዴ በአጋጣሚ በአካባቢው ነበር። የቆሰለውን የሚያነሣ ጠፍቶ አየ። የአጠገቡ ከተማ ሴቶች ግን የወዳጅና የጠላት ሳይሉ ቁስለኛውን ሁሉ አስገብተው አጠቡ፣ አጠጡ። ዱናን ያየውን ጽፎ ዓለምን ቀሰቀሰ፤ ቀይ መስቀል ከዚያ መጣ። እነዚያ ሴቶች የጎረቤትነት ልማዳቸውን ለማያውቁት ሰው አወጡት። ሥራው በሙሉ ይኸው ነው ብል አላጋነንኩም።

የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር ሐምሌ 1 ቀን 1927 ዓ.ም. የተቋቋመው የኢጣሊያ ወረራ ደጅ ላይ ቆሞ ሳለ ነው። ከጥቂት ወራት በኋላ ጦርነቱ በዚህ አገር አለፈ። ከብዙ አገር የመጡ የሕክምና ቡድኖች የቀይ መስቀል ባንዲራ ዘርግተው ወደ ጦር ግንባሮቹ ዘመቱ። በዶክተር ጆን ሜሊ የሚመራው የእንግሊዝ የአምቡላንስ ቡድን ከወልዲያ በስተሰሜን ቆረም አጠገብ ሰፈረ። በመርዝ ጋዝ የተቃጠለ ገበሬ፣ ቆዳው የተላጠ ሕፃን ወደ ድንኳኑ ይጎርፍ ነበር። የካቲት 25 ቀን 1928 ዓ.ም. የኢጣሊያ አውሮፕላን ያን ድንኳን በቦምብ ደበደበው። ሜሊ ከዚያ ተርፈው ወደ አዲስ አበባ ተመለሱ፤ በሚያዝያ መጨረሻ ከተማዋ ስትዘረፍ ቁስለኛ ለማንሣት ወጥተው በጥይት ተመትተው ሞቱ። በጎ ፈቃድ ዋጋ እንደሚያስከፍል የዚህ አገር ተራሮች ከአብዛኞቹ ቀድመው አይተዋል።

የቅሬን ድንበር ደግሞ ያሳየው 1965 ዓ.ም. ነው። በዚያ ዓመት የወሎ ዝናብ ቀረ፣ እህል ጠፋ። ሁሉም ሰው በአንድ ጊዜ ሲራብ ቅሬ ምን ያደርጋል? ተሸካሚው ራሱ ቃሬዛው ላይ ተኛ። የወሎ ገበሬ ከየተራራው ወርዶ በዚሁ በደሴና በወልዲያ አውራ ጎዳና ዳር ተሰለፈ፤ አውቶቡስና መኪና እያስቆመ ምግብ ለመነ። መንግሥት ጉዳዩን ሸፍኖ ሳለ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ መምህራን ወደ ወሎ ተጉዘው ያዩትን በፎቶግራፍ ይዘው ተመለሱ። በጥቅምት 1966 የጆናታን ዲምብልቢ ፊልም በእንግሊዝ ቴሌቪዥን ታየ፤ ከዚያ በኋላ ዓለም ሰማ። ፎቶግራፉ በዚያን ጊዜ እውነት የሚያወጣ መሣሪያ ነበር። ይህን ያዙልኝ፤ ወደ ፎቶግራፍ እመለሳለሁ።

የዚህ አገር ታሪክ ደግሞ በጎ ፈቃድን ብዙ ጊዜ ከትእዛዝ ጋር አደባልቆታል። ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች አንድ ዓመት በየክፍለ ሀገሩ ያስተምሩ ነበር። በ1967 የእድገት በኅብረት ዘመቻ 60,000 ያህል ተማሪና መምህር ወደ ገጠር ወጣ። ብዙዎቹ በፍቅር ወጥተዋል፤ መውጣቱ ግን ግዴታ ነበር። ዛሬም የበጋው የተፋሰስ ሥራ፣ እርከንና ክትር፣ በነፃ ጉልበት ይሠራል። ወሎ ላይ ይህ ሥራ ተራራ አድኗል፤ የደረቀ ምንጭ የተመለሰበት ቦታ አለ። ግን ጉልበቱን የሰጠው ገበሬ በጎ ፈቃደኛ ይባል ወይስ ታዛዥ፣ ለሚለው ጥያቄ መልስ ለመስጠት አልቸኩልም። ቅሬም እኮ ያስገድዳል። ልዩነቱ ቅሬ የሚቀጣው በራሱ ደንብ፣ ራሱ በመረጣቸው ሰዎች፣ ነገ ለራሱ በሚመለስ ሥራ መሆኑ ነው።

ቅሬና ክበብ ዳግም የተፈተኑት በሰሜኑ ጦርነት ነው። በሐምሌ 2013 ዓ.ም. ከራያና ከቆቦ የተፈናቀለ ሰው ወደ ወልዲያ ጎረፈ። ትምህርት ቤቶች መጠለያ ሆኑ። የከተማው ወጣት ዳቦና ልብስ ሰበሰበ፣ እናቶች እንጀራ ጋገሩ። ሳምንታት አልፈው በነሐሴ ጦርነቱ ራሷን ወልዲያን ያዛት፤ ትናንት እንግዳ የተቀበለው ሰው ዛሬ ጓዙን ጠቅልሎ ወደ ደሴ ተሰደደ። መርሳም አልቀረላትም። እስከ ታኅሣሥ 2014 ድረስ ባንክ ተዘግቶ፣ ስልክና መብራት ተቋርጦ ኖሩ። የወልዲያ ሆስፒታል ተዘረፈ፣ የወልዲያ ዩኒቨርሲቲ ተዘረፈ። በእነዚያ ወራት ከውጭ የሚደርስ ክበብ አልነበረም። የቀረው ጎረቤት ነበር፤ ጎተራ የተካፈለ፣ የሞተ የቀበረ፣ ሕመምተኛ ደብቆ ያስታመመ።

በሀብሩ ወረዳ ጃራ የሚባል መጠለያ አለ። ከወለጋ የተፈናቀሉ ሰዎች ኖረውበታል። አብዛኞቹ የወሎ ልጆች ወይም የወሎ ልጅ ልጆች ናቸው፤ አባቶቻቸው በድርቅና በሰፈራ ሄደው ሁለትና ሦስት ትውልድ ወለጋ ኖረዋል። ተመልሰው የመጡት አያታቸው ቅሬ ወደነበረበት አገር ነው፤ በቅሬው መዝገብ ግን ስማቸው የለም። መሬት የላቸውም፣ ስለዚህ መዋጮ የላቸውም፣ ስለዚህ ቃሬዛ የላቸውም። ሲሞቱ የሚቀብራቸው አጥተው አይደለም፤ ወሎ የሞተን አይጥልም። ግን ተራ የሌለው ሰው ሁልጊዜ ተሸካሚ ይለምናል። ተረጂ የሚያደርገው ይህ ነው። የራበው ሁሉ ተረጂ አይደለም፤ ነገ ተራው ደርሶ የማይሸከም የተደረገ ነው ተረጂ።

ለዚህ ነው ስለ ፎቶግራፍ መናገር የምፈልገው። ዛሬ የዘይት ጄሪካንና የዱቄት ከረጢት ሲከፋፈል ካሜራ ቀድሞ ይደርሳል። የተቀበለችው እናት ከረጢቱን ይዛ ቆማ እንድትታይ ትጠየቃለች፤ ለጋሹ ከጎኗ ይቆማል። የ1965ቱ ፎቶግራፍ የተደበቀን መከራ አወጣ። የዛሬው ብዙ ጊዜ መከራውን አውጥቶ ሰጪውን ያስመሰግናል። ቃሬዛ ተሸክሞ ፎቶ የሚነሣ ሰው አላውቅም፤ እጁ ተይዟል። ይህን የምለው የሚሰጡትን ለመውቀስ አይደለም። ዱቄቱ ያበላል፣ የማይሰጥ ከሚሰጥ አይሻልም። ግን ያቺ እናት ልጇ ትምህርት ቤት የሚሄድላት፣ ጎረቤት የሚያያት፣ ነገ እሷም ለሌላ የምትደርስ ሰው መሆኗን ካሜራው ከረሳው ክበቡም ረስቶታል ማለት ነው።

የክረምቱ በጎ ፈቃድ አገልግሎትም እንዲሁ ያስጨንቀኛል። በየሐምሌው ወጣቱ ወጥቶ የአቅመ ደካማ ቤት ቆርቆሮ ይቀይራል፣ ችግኝ ይተክላል። ጣሪያው ከማፍሰስ መዳኑ ለአሮጊቷ ትልቅ ነገር ነው፤ ልጆቹም በዚያ ቀን የሚማሩት የትም አይማሩትም። ችግሩ መስከረም ላይ ነው። ሰሌዳው ይወርዳል፣ ቲሸርቱ ይታጠባል፣ አሮጊቷ ጥቅምት ላይ ስትታመም የሚያውቃት የለም። የሚያውቃት ቅሬዋ ነው። የወልዲያና የመርሳ ትምህርት ቤት ክበቦች፣ የቀይ መስቀል ክበቡም፣ የበጎ አድራጎት ክበቡም፣ ሥራቸውን ከሰፈሩ ቅሬ ጋር ቢያስተሳስሩ አሮጊቷ የሐምሌ ብቻ አትሆንም።

በሌላ ወገን ደግሞ ቅሬው ከክበቦቹ የሚማረው አለ። ቅሬው መዝገቡን ለእንግዳ መክፈት አለበት። ከጃራ የመጣ ሰው መዋጮ ባይኖረው ጉልበት አለው፤ ትከሻውን ያስመዝግብ። ሮታሪ ስሙን ለማያውቀው ሕፃን ማዋጣት ከቻለ፣ በሶልፌሪኖ አጠገብ የነበሩት ሴቶች የጠላት ወታደር ካጠቡ፣ ቅሬው ለራሱ አገር ልጅ መዝገብ መክፈት አያቅተውም። ሴቶችም በመዝገቡ በስማቸው ሊጻፉ ይገባል። በብዙ ቅሬ የሚጻፈው ባል ነው፤ ሰው ሲሞት ግን ጋግራ፣ ውሃ ቀድታ፣ እንግዳ ተቀብላ ቅሬውን የምታቆመው ሚስት ናት።

አንድ ነገር ደግሞ ከሁለቱም በላይ ይቸግራል፤ ደም። በቃሬዛ ወርዳ፣ በአምቡላንስ ተጭና ሆስፒታል የደረሰች እናት ብዙ ጊዜ የምትሞተው ከወሊድ በኋላ በሚፈስ ደም ነው። እዚያ ትከሻ አይረዳትም፤ ቀድሞ በፍሪጅ የተቀመጠ ደም ብቻ ይረዳታል። ከአንድ ሰው የሚወሰደው ከግማሽ ሊትር ያነሰ ነው፤ ከኤች አይ ቪ፣ ከጉበት ቫይረስና ከቂጥኝ ነፃ መሆኑ ተመርምሮ ይቀመጣል፤ ከጥቂት ሳምንታት በላይ ግን አይቆይም። ለዚህ ነው በዓል በመጣ ቁጥር የሚደረግ ዘመቻ የማይበቃው። ከ18 እስከ 65 ዓመት የሆነ፣ ከ45 ኪሎ ያላነሰ፣ ጤነኛ ሰው በየሦስት ወሩ መስጠት ይችላል። በየሦስት ወሩ የሚመለስ ነገር ደግሞ ተራ ነው፤ ተራን ከወሎ ቅሬ የበለጠ የሚያውቅ የለም። ቃሬዛ ለመሸከም ስም የሚጠራው ሰው ደም ለመስጠትም ስም ቢጠራ፣ “የዚህ ወር ተረኛ እነ እገሌ” ቢባል፣ የሆስፒታሉ ፍሪጅ ባዶ አይሆንም ነበር።

አዲስ አበባ፣ ዋሽንግተን፣ ጅዳ ወይም ሌላ ቦታ የምትኖሩ የወልዲያና የመርሳ ልጆች ይህን ስታነቡ ኪሳችሁን ዳሰሳችሁ ይሆናል። ከመላካችሁ በፊት ግን ወደ ቤት ደውሉ። የሰፈራችሁ ቅሬ ቃሬዛው ደኅና እንደሆነ ጠይቁ፤ ጠፍሩ ተበጥሶ፣ እንጨቱ ተሰንጥቆ ይሆናል። ከጃራ መጥተው በሰፈራችሁ የተከራዩ ሰዎች በመዝገቡ እንደተጻፉ ጠይቁ። ካልተጻፉ የመጀመሪያ መዋጯቸውን እናንተ ክፈሉላቸው፤ የሚቀጥለውን በትከሻቸው ይከፍላሉ።